ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ

አዛናው፣
ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ከመዝገብ ቤታችን፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ነበር ደጃችን።
የሰው ኮት ወንበር ላይ ተሰቅሎ ሲቀጥፍ፣
ያንተው ኮት ነበረ ከውሸት የሚተርፍ፦
«ጌታዬ አራዳ ቧንቧ ሊያይ ወርዷል፣
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጭቃ ለብሶ ይመጣል።»

ክንድ የሚያህል ቁልፍ ትከሻህ ላይ ጭነህ፣
ሰኞ ለማራኪ፣ ሐሙስ ለእኛ ሰፈር ውኃ እየመጠንህ፣
ቧንቧው ሲያፏጭ ሌባ፣ ሲንፎለፎል ጻድቅ፣
ስትባል ኖረሃል፣ ሳትቆጣ፣ ሳትስቅ።

ትዝ ይልሃል ያ ቀን? የግንቦት መባቻ፣
አንገረብ ግድቡ ደለል ሆኖ ብቻ፣
ሦስት ገጽ ደብዳቤ በእጅህ አረቀቅህ፣
እኔ እየተየብሁ፣ አንተ እየተጠነቀቅህ፤
«ፓምፕ ይገዛ» አልህ፣ «ከጎሃ ሥር ላለው፣ ለዚያ ሰፈር ዳገት፣
ውኃ ሽቅብ አይሄድ፣ ከላይ ካልሳቡለት።»
ለክልል ላክናት፣ ግልባጭ ለፌዴራል፤
ለካ ወረቀትም መንገድ ላይ ይቀራል።
ስድስት ጊዜ ጻፍን፣ «ጉዳዩ፦ ማስታወስ»፣
ውኃውስ ይቅርና መልሱም ሳይደርስ።
ያኔ ነው ብዕሩን ጠረጴዛ ላይ የጣልኸው፦
«ከሚያረቅ ሰው ይልቅ የሚፈርም ሰው ነው
አገር የቸገረው» ብለህ የተነሣኸው።

መልቀቂያ አስገባህ፤ እኔው ቁጥር ሰጠሁት፣
በቀይ እስክሪብቶ «ወጪ» ብዬ ጻፍሁት።
ምልክትህ ቁልፍ፣ ፖስተርህ ባራዳ፣
በበጉ ተራ ላይ፣ በልደታ ሜዳ፤
«ቅርስ ነው፣ ግንቡ ላይ አይለጠፍም» ሲሉ፣
በየጀሪካኑ ለጠፉህ ሴቶች ሁሉ።
ድምፅ ማጉያ ሁሉ ስምህን ሲለፍፍ፣
እኔ ድምፄን አጥፍቼ፣ ድምፄን ባራት ሳጥፍ፣
ወጪ ብዬ የጻፍሁትን ገቢ አድርገው እያልሁ፣
ስትመረጥ ደግሞ እልል ብዬ ዋልሁ።

ሹመትህን የሰማን በራዲዮ ነበር።
«የኛው ሰው!» ብሎ ሒሳብ ሹሙ ማንደፍሮ፣
ሻይ ጋበዘን ሁሉን ከክበብ ተበድሮ።
«አዛናው» አልሁና ምላሴን ነከስሁት፣
«አንተ»ን እንደ ልብስ አጥፌ አስቀመጥሁት።

ክቡር ሚኒስትር ሆይ፣
ባለፈው አዘዞ ከአውሮፕላን ወርደው፣
በጥቁር መኪና ፒያሳን ሲያልፉ አየሁ፤
እጅዎ ይወዛወዝ ነበር በመስኮቱ በኩል፣
ዝገቱ ለቅቆለት እንቁላል ይመስል።
አልተቀየምሁም፤ እኔስ ሹመት ያዳብር ባይ ነኝ።
ግን ትናንት ከሰዓት አንድ ፖስታ ደረሰኝ።

ያቺው ሦስት ገጽ! ዓመታት ተኝታ፣
ከርስዎ ጠረጴዛ ሰሞኑን ወጥታ፣
ጠርዟ ላይ በአረንጓዴ፣ ከሚያምረው ፊርማዎ ጋር፣
«ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» የሚል ነገር።
ያረቀቋትን እንኳ አላወቋት ይሆን?
ወይስ አውቀዋት ነው? ይኼን አልጠይቅም።
ሚኒስቴር ለክልል፣ ክልል ለከተማ፣
ከተማው ለእኛ ቢሮ፣ ፊርማ በፊርማ፤
ወረቀት ቁልቁል ሲሄድ ፓምፕ አይፈልግም።

«የሚመለከተው» ማን ነው? ቢሮውን ብናስስ፣
ወንበሩ ላይ አገኘን የተረሳ ልብስ፤
ሲሄዱ የተዉት ያ ኮትዎ ነበረ፣
ትከሻው ላይ ዝገት እንዳለ የቀረ።
መደቡ ክፍት ነው፣ ሰው አልቀጠሩበት፤
ኮቱን ጠየቅሁት፣ የት ሄደ ባለቤት፦
«ጌታዬ ቧንቧ ሊያይ ወርዷል» አለኝ፣
«ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል።»

እንግዲህ ያም ኮት መቅጠፍ ለመደ ማለት ነው።

ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ቁጥር ሰጠኋት፣
ከስድስቱ ማስታወሻ ጋር በአንድ ክር አሰርኋት።
«ገቢ» ብዬ ጻፍሁ፤ እርስዎን ግን አይደለም።
ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው፤
ቧንቧው እንኳን ሊፈስስ፣ ገና አላፏጨም።