የኩባያዋ ጭረት

አባቴ ናንጁንዳ ሲሞት ያወረሰኝ፣
ከጓሮ ሸራ ሥር ቆማ የጠበቀችኝ፣
ጃዋ ሞተር ብስክሌት፣ ባለ ሁለት ማርሚታ፣
ሰልባትዮዋ ቀይ፣ ጎኑ በዝገት የተመታ።
መመሪያ መጽሐፏን ምስጥ በልቶት ቆየኝ፤
ቤንዚኑስ ተገዛ፣ ዘይቱ ነው ያቃተኝ፦
ለአንድ ሊትር ስንት?
ሲበዛ ጭስ ነው፤ ሲያንስ ደግሞ ሞት።
ይህች ባለ ሁለት ምት የዘይት ቋት የላት፣
ከምትጠጣው ጋራ ነው የሚወርድ ቅባት።
ወጥ ጨው ቢጎድለው ከገበታ ይነሰነሳል፤
የሷን ግን ስትቀምሰው ፒስተኑ ነክሷል።

ሲዳሊንጋ መጣ፣ የአባቴ ባልደረባ፣
ፋብሪካው እስኪዘጋ ፒስተን ሲያስገባ፣
ዘይቱ ከጥፍሩ ሥር ዛሬም ያልለቀቀው።
«አንድ ለሃያ!» አለኝ፣ እንደ መሐላ ጠበቅ አድርጎ ያዘው።
«በሊትር ሃምሳ ሚሊ፤ ያኔም ያው፣ ዛሬም ያው።
ጭሱ ጎረቤት ያስነጥስ፤ ማስነጠስ ማንን ገደለው?»

ከማዶ ጋራዥ ሳዲቅ ሰማና ሳቀበት፣
ጆሮው ላይ እርሳስ፣ ክንዱ ላይ ግራሶ ያለበት፤
«አባባ፣ ያ ልክ የዚያ ዘመን ዘይት ልክ ነው፣
ለዛሬው አንድ ለአርባ፣ ሃያ አምስት ሚሊ በቂ ነው።
ደግሞ አንቺ፣ ዘይት ስታበዢ ቤንዚን ነው የምትቀንሺ፤
አለሰለስኩ ብለሽ እሳት ነው የምታነግሺ።
ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ይታፈናል፣
ሽቅብ ስትጠይቂያት ሳል ይዟት ትቆማለች፤ ማን ይገፋልሻል?»

በራችን ላይ ቆመው ሃያና አርባ ሲሟገቱ፣
ሦስተኛ ቁጥር ይዞ ጣልቃ ሲገባ ባለ ወተቱ፣
እናቴ ከመስኮት፦ «ሂዱልኝ ወደየቤታችሁ፤
ባሌ በሕይወቱ አንድ ቀን አልሰማችሁ።»

እኔ ሥራዬ መድኃኒት ቤት፣ ለሕፃን ሽሮፕ ስለካ የምውል፣
በመርፌ አልባ ስሪንጅ ሳብኩ ሃያ አምስት፣ ያለማወላወል።
ወጣቱን ሰማሁ። (ለምን? ሳቁ ሳይሆን አይቀርም።)
ሰኞ ማለዳ፣ ቻሙንዲ ኮረብታ፣ ገና ሰው አይበዛም፤
ወጣችው! እየዘፈነች ወጣችው ጠመዝማዛውን፣
ከሰማያዊ ጭሷ ጋር ጥላ ባለ ሸንኮራውን።
ጫፍ ላይ ደርሼ ከተማው እንደ ተደፋ ጥራጥሬ ሲታየኝ
ለሲዳሊንጋ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ኩራት ያዘኝ።

ከዚያ መውረድ መጣ።
ጋዙን ዘግቼ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲቀጣ፣
አንድ ጩኸት፣ ጅራቱ እንደተረገጠ ውሻ፤
የኋላ ጎማ ተቆለፈ፤ ጻፈ ጥቁር መስመር እስከ መጨረሻ።
ከመስመሩ ጫፍ የጉልበቴ ቆዳ።
ባለ ሸንኮራው ሮጦ አነሣኝ፤ ጭማቂ ሰጠኝ፣ ገንዘብም እንቢ አለ፣ እንደ እንግዳ።

ሳዲቅ ሲሊንደሩን ፈታ፤ የፒስተኑ ቆዳ ተልጧል።
ሲዳሊንጋ «አላልኩም?» ለማለት አፉን ከፍቷል።
እናቴ ግን፣ ጉልበቴን በጨርቅ እያሰረች፣
«ስትወርጂ ነው አይደል?» አለች።

«አባትሽ ከዚያ ኮረብታ ሲወርድ፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ፣
በየመታጠፊያው ፍሪሲዮን ይዞ ጋዝ ሲሰጣት፣ እዘል ነበር ደንግጬ።
‹ቁልቁለት ላይ ምን ያስጮህሃል?› ብለው፣
‹ጋዝ ስዘጋባት ዘይቷንም ዘጋሁባት፤ በጥሟ እንዳትሽከረከር ነው።›»

ከቅመም መደርደሪያው የብረት ኩባያ አወጣች፣
በውስጧ የሚስማር ጭረት ይዛ የተቀመጠች።
ውሃ ሞልቼ እስከ ጭረቷ፣ በስሪንጄ ሳብኩ፣ ለካሁ፦
ሠላሳ ሁለት ሚሊ። ሁለቱንም ጠራሁ።
ሃምሳም አይደል፣ ሃያ አምስትም። ሲዳሊንጋ ዝም፤
ሳዲቅ በእርሳሱ አካፍሎ፣ «አንድ ለሠላሳ አንድ? እንዲህ የሚባል የለም!»

አሁን በዚያች እለካለሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ፣ በየመታጠፊያው
ጋዝ ስሰጣት ውሾች ይነቃሉ፤ ይሰድበኛል ባለ ሸንኮራው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል ማታ ማታ፣
ኩባያዋን ከመብራት ሥር ይዤ ሳያት ለአንድ አፍታ፦
ጭረቷ ራሷ ወፍራም ናት፤ ሚስማሩ ሁለቴ ሄዶባታል፤
ከታችኛው ከንፈሯ እስከ ላይኛው ሁለት ሚሊ ይሰፋል።
አባቴ የትኛው ላይ ነበር የሚያቆመው?
በሕይወት እያለ የሷን ሽታ ስሸሽ፣ መቼ ጠየቅሁትና ነው።