ነቁጧ ወደ ላይ

«አምፖሉን አጥፊና መስኮቱን ክፈቺው፤
ቀን የገለጠውን ነው ለገዢ የምናሳየው።
ነጭ ጨርቅ ይዋሻል፣ ጥቁሩም ያጋንናል፤
ግራጫውን አንጥፊው፣ ልኩን እሱ ይናገራል።»
እንዲህ ነበር ቃሏ፣ የአክስቴ የቴፓኤሩ፣
ራሮቶንጋ ገበያ፣ አሥር እርምጃ ከባሕሩ።

ከሁሉ የደመቀች አንዲት ሉል ነበረች፣
የእርግብ አንገት መሳይ ቀለም የቋጠረች፤
ጎኗ ላይ ግን ነቁጥ፣ የመርፌ ጫፍ ያህል።
ወደ ታች አዞርኩት። ማን ሊያይ? ማን ሊያስተውል?
አክስቴ ሳትናገር በሁለት ጣቷ አንስታ
መልሳ አኖረቻት፣
ነቁጧን ገልብጣ ለአላፊ አግዳሚ ዕይታ።

ከመርከብ የወረደች ባለ ሰፊ ባርኔጣ
ሉሏን አየት አርጋ ጥያቄዋ መጣ፤
«እውነተኛ ናት ወይ?»
«ናት። ግን ጠላቂ በዕድሉ ያገኛት አይደለችም፤
ወንድሜ ማኒሂኪ ላይ ዛጎል ከፍቶ
ፍሬ ባያኖር አትኖርም።
ዓመት ከመንፈቅ ግን ዛጎሉ ብቻውን
ደራርቦ ደራርቦ አለበሳት ልብሷን።
ይህችም ነቁጥ አለቻት፤ ለእሷ ቀንሻለሁ።
እንከን የሌላት ካሻሽ ዋጋዋ ሌላ ነው፣ አሳይሻለሁ።»

«ላስብበት» ብላ ሄደች።
ከጎረቤት ድንኳን የሚያብረቀርቅ ጨሌ ገዛች።
እኔ በገንኩ። አክስቴ ማንጎ ላጠች፣
ግማሹን ሰጠችኝ፣
ስለ ሴትዮዋ ሳትተነፍስ ጣቷን በጨርቅ አበሰች።

ሲመሽ ሉሎቹን ሰብስቤ አንድ በአንድ ጠቀለልኩ፤
ያቺ እጄ ስትገባ ነቁጧን ፈልጌ ዳሰስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣
ነቁጧን ወደ ላይ አኖርኩ።
አክስቴ አየችኝ፤
መስኮቱን እሷ ከፈተችልኝ።