አካል ብቻ

ኦሳካ፣ ከባቡር ድልድይ ሥር፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ኩዋባራ በጓንት እጁ ሣጥኑን ከፈተው፤
«አካል ብቻ ነው» አላት፣ «ዐይኑ ለብቻ ነው፤
መስታወት የለውም፤ ፋብሪካ ነው ያደሰው።»

ቺዙሩ አገላበጠች፤ ላስቲኩ አዲስ፣ ብሎኑ አዲስ።
«ስንት ጊዜ ጨፈነ?»
«አርባ አንድ ሺህ፣ ሦስት መቶ ሰባት።»

የማን ሠርግ ይሆን? የማን ድመት?
የትኛው ጀልባ፣ ከየትኛው ወደብ ሲነሣ?
ጠርገው፣ ወልውለው፣ ሁሉን ሲያስረሱት
ቁጥሯን ብቻ ተዉአት፤ እሷ አትረሳ።

የቺዙሩም ጉልበት በሰኔ ተቀይሯል፤
ዕድሜዋን ግን ሐኪሙ አልነካባት፣
ስልሳ ሦስት ብሎ መዝግቦ ሸኛት።

ሳቀች። ከፈለች።
ባትሪውን አስገብታ፣ ዐይን የሌለውን አካል
ወደ ዝናቡ አዙራ ተጫነች፤ ቀጭ።
ምስል የለም፤ ብርሃን ብቻ።

ሦስት መቶ ስምንት።