ምናሌ

ኮሩሽ ላይ፣ ከሶራያ ወንዝ ዳር፣ ከቡሽ መጋዘኑ ጀርባ፣
አንድ መስኮት ያላት ቢሮ፣ ሁለት ሰው በመከራ የምታስገባ፤
ኤውሪኮ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቁጭ ብሎ ቆጠረ፣
የእስሩን ክብደት ከእርጥበቱ፣ ረድፉን ከዓምዱ አሳሰረ።
በመጋቢት ጡረታ ወጣ።
ኢዳሊና ወረሰች ወንበሩን፣
መሐሉ የጎደጎደ ትራሱን፣
የሚያቃስተውን ኮምፒውተሩን፣
በሆዱም የተኛ አንድ ፋይሉን።

ፋይሉ ሲከፈት ጠዋት ጠዋት፣ ከላይ ከሰሌዳው ዳር፣
ከ«ፋይል» ከ«አርትዕ» ከ«ዕይታ» ቀጥሎ፣ ሠሪው ካሰለፋቸው ጋር፣
ማንም ያልጠራው እንግዳ መስሎ
አንድ ቃል ይቆማል ከጫፍ፣ «ቡሽ» ብሎ።
ሲነኩት ይተረተራል፦
«እስር መዝግብ»፤ «እርጥበት ቀንስ»፤
«የቅዳሜ ሒሳብ»፤ «የትኛው ዛፍ ዘንድሮ ይገፈፋል?»
ከዚያ አንዲት ስስ መስመር፤
ከመስመሯ በታች፣ ቢጫ ፊት ከጎኑ የሚስቅ፣
«ምንም» የሚል ቁልፍ፣ ለምን እንደቆመ የማይታወቅ።

(ዛፉ ልብሱን የሚያወልቀው በዘጠኝ ዓመት አንዴ ነው።
በቀላው ገላው ላይ በነጭ ቀለም አንድ አኃዝ ይጽፉለታል፣
የዓመቱን የመጨረሻ፤
ሰባት ከተጻፈበት፣ ስድስት እስኪመጣ ማንም አይነካው።
ኤውሪኮ ይህን ስሌት በሦስት መስመር ኮድ ጨርሶታል።)

ኢዳሊና የጠራ ነገር ትወዳለች። ሰኞ ዕለት ማክሮውን ከፍታ
አንድ መስመር ሰረዘች፣ ሥራ ፈት መስሏት፣ ሳታመነታ።
ማክሰኞ «ቡሽ» ሁለት ሆነ።
ረቡዕ ሦስት።
ሐሙስ አራት።
ዓርብ ሰሌዳው ጠበበና
«ቡሽ ቡሽ ቡሽ ቡሽ ቡሽ» አለ፣ እንደ ተንተባተበ ሰው፤
የሚዛን ሠራተኛው ጁቬናል በትከሻዋ በኩል አጮልቆ
«ምርቱ ዘንድሮ ጥሩ ነው» አላት፣ ሳቁን በጢሙ ደብቆ።

የሰረዘችው ለካ የመውጫዋን መስመር ነበር፦
ስትዘጋ፣ የሰቀልከውን አውርድ።

መልሳ ልትጽፈው ወረደች ወደ ኮዱ ጓዳ።
እዚያ ከየትእዛዙ ጎን፣ ከአንዲት ጭረት ኋላ፣
አረንጓዴ ጽሑፍ አገኘች፣ ማሽኑ አይቶ የሚያልፈው፣
ለሰው ዓይን ብቻ የተተወ፦

«ጁቬናል ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ቀለም ተው፣ ኮከብ አድርግ።»
«የኤርሜሊንዳ ዓይን ደክሟል። ፊደሉን አሥራ ስድስት።»
«ይህ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም። አትንካው።»
«ዝናብ። አንድም የጭነት መኪና አልመጣም። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ።»

ምናሌ ይባላል በእኛ አፍ፤ ቃሉን ትንሽ ብታላላው
«ምን አለ?» ይሆናል።
ምን አለ ሰውዬው፣ ያን ሁሉ ዘመን
ከሚዛን ቁጥር በቀር ቃል ያልወጣው?
እነሆ ያለው ይኸው ነው፦ የአንዱ ዓይን፣ የሌላዋ ዓይን፣ ዝናቡ።
ምናለ እኛም ስንወጣ የሰቀልነውን ብናወርድ፣ እላለሁ፤
ግን ይህን እርሱ አላለም። እኔ ነኝ የጨመርኩበት።

እርሷም ጨመረች ከሥሩ፣ በዚያው አረንጓዴ፣ ስሟን ሳትጽፍ፦
«አንድ ጊዜ ሰርዣለሁ። አምስት ሆነ። አትድገሙት።»

ሊመሽ ሲል፣ ቢሮው ሲታፈን፣
ያችን ቢጫ ፊት ተጫነቻት።
አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፦
«መስኮቱን ክፈት። እስሩ የትም አይሄድም።»
ከግርጌዋም አንድ ምርጫ ብቻ፦ «እሺ»።
እሺ አለች።
የተቀቀለ ቡሽ ሽታ ገባ፣ ዝናብ የመታው መጽሐፍ የሚመስል፤
ከማዶ አንድ ሰው በርሜል ያንከባልላል፣ ያፏጫል፣ ያቆማል።

በግንቦት ኤውሪኮ በደጁ አለፈ፣ ውሻውን በገመድ ይዞ፤
ጎንበስ አለ በመስኮቱ፦
«ይከፈታል?» አላት።
«ይዘጋልም» አለችው።
ራሱን ነቀነቀ። ተጨማሪ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት
ውሻው ጎተተው፤
ሄደ።