አርባ ስድስት ዲግሪ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሻርጃ፣ ሮላ፣
አውቶብስ እጠብቃለሁ ተጠግቼ ለጥላ።
ማዶ ያለው የባንክ ሰሌዳ ሙቀቱን በቀይ ይጽፋል፦
አርባ ስድስት ዲግሪ።
እኔ አንድ አለኝ። ሰው በአንድ እንዴት ይሰለፋል?

እሱም የአፈር ሳይንስ ነው፤ ሐረማያ የቀዳሁት፣
አፈር በሌለበት አገር በላስቲክ የሸፈንኩት።
ሦስት ማኅተም አርፎበታል፣ ለሦስቱም ከፍያለሁ፤
እሱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፣
እኔ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እቆጥራለሁ።

ሰኞ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሄድኩ።
ሪማ የምትባል ሊባኖሳዊት ውሃ አቀረበች፣
ሁለት ወረቀት ዘርግታ
«ማስተርሱ ሁለት ዓመት፣ የቢዝነስ ባችለሩ አራት» አለች።
«ማስተርሱ መሸጋገሪያ ኮርሶች አሉት፤
ባችለሩ ደግሞ… ዕድሜህ ስንት ነው?»
ሠላሳ አራት።
እስክሪብቶዋ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጻፈች።

ቡታጅራ ደወልኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤
ነገር ሁሉ የሚገባው በክርና በመርፌ ነው።
«ማስተርሱ» አለ «በሸሚዝህ ላይ ካፖርት መደረብ ነው፤
ያኛው ያለህን ኮት ፈትቶ መገልበጥ ነው።
ድሮ ስንቱን ኮት ገልብጫለሁ!
የተገለበጠ ኮት ያሞቃል፣ ያምራል፤
ግን የደረት ኪሱ በቀኝ ይቀራል፣
ያወቀ ያውቅብሃል።»

ካፖርት! በአርባ ስድስት ዲግሪ!

ሽኩር ካፖርቱን ለብሷል፤ ባለፈው ዓመት ተመረቀ፣
ፎቶው ከሶፋው ራስጌ በወርቅማ ፍሬም ደመቀ።
ዛሬም ያንኑ ቫን ይነዳል፣ ያንኑ ዱቄት ያወርዳል፤
ወደ ኋላ ሲያስገባ ጓደኞቹ
«ማስተር፣ ና! ና! ና! ቁም!» ይሉታል።
ይስቃል። ስቆ ሲጨርስ ግን
መስታወቱን ረጅም ጊዜ ያስተካክላል።

ካቻምና እኔና እሱ የቅመም ሱቅ ከፍተን ነበር፤
ሰባት ወር።
ደብተሬ «ገባ»፣ «ወጣ» ይላል በሰማያዊ መስመር።
ደብተሩ ትርፍ ይለኛል፣ ኪሴ ባዶ ይለኛል፤
ማን እንደዋሸ ሳላውቅ በሩን ቆለፍነው።

ትናንት ማታ ለሱኒል አሳየሁት፣
የመጋዘኑ ሒሳብ ያዥ፣ የኬረላ ሰው፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በእርሳስ ገጽ በገጽ አሰሰው።
ኪራይ አለ። መብራት አለ። ኮረሪማው፣ በርበሬው፣ ጉምሩኩ…
እርሳሱ መጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ።
«ወንድሜ፣ አንተ የት አለህ?»
«እንዴት?»
«ሰባት ወር የቆምክበት እግር ዋጋ የለውም?
ከ‹ወጣ› ሥር ራስህን አልጻፍክም።»

ዝም አልኩ።
ዐሥራ ስድስት ዓመት ተምሬ፣
የጨውን፣ የእርጥበትን፣ የአሸዋን ልክ ሰፍሬ፣
ሰው ራሱን የትኛው መስመር ላይ እንደሚጽፍ
የነገረኝ የለም።
ወይ ተነግሮኝ አልሰማሁም።

አሁን ስልኬ ላይ ቅጹ ተከፍቷል፤
«የሚያመለክቱበት ደረጃ» ብሎ ይጠብቃል።
ሁለተኛ ዲግሪ?
ወይስ ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ?
መጀመሪያ እንዴት ሁለት ጊዜ ይመጣል?
እናቴ ብትሰማ «ወረደ» ትላለች፤
ለጎረቤት የምትለው ይጨንቃታል።

ግን ያ መሳቢያ ውስጥ የተኛው ወረቀት
አንድ ነገር አስተምሮኛል፦
ጨው በበላው መሬት ላይ ማዳበሪያ አይደረብም።
አስቀድሞ ይታጠባል፤
ውሃው ጨውን ይዞ እስኪወርድ ይጠበቃል፤
አላፊ አግዳሚው ባዶ መስክ ነው ብሎ ያልፋል።

አራት ዓመት። ሠላሳ ስምንት እሆናለሁ።
ባልማርም ሠላሳ ስምንት እሆናለሁ።

በላብ በራሰ አውራ ጣቴ ታችኛውን ነካሁት፤
ስልኩ አልታዘዘኝም።
ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ደገምኩት።

አውቶብሱ መጣ። ቀና ስል
ሰሌዳው አርባ ሰባት ይላል፤
ሳይማር
አንድ ጨመረ።