ይባርሽ

ሜዲትራንያን ላይ ነው ጎረቤቴ ያነጠሰው፤
መሐረብ ከኪሱ እስኪያገኝ፣ ለሁላችን አደረሰው።
"ይማርህ" አልኩት፣ ያደግሁበት ነውና፤
"ያኑርሽ" ሳይለኝ ተኛ፣ ወደ መስኮቱ ዞረና።
ብራስልስ ስንወርድ ጉሮሮዬ ላይ አንድ እንግዳ ተቀምጧል፤
ስሙን ገና አልነገረኝም፣ እግሩን ግን ዘርግቷል።
ባቡሩ ጌንት ሲገባ ጫማውን አውልቋል።

የመጣሁት ስለ ድምፅ ልናገር ነበር፣
የሁለት ዓመት ልፋት በሃያ ደቂቃ ሊነገር፤
ስለ ቀ እና ስለ ጠ፣ ስለ ጨ እና ስለ ጸ፣
ሳንባን ትንፋሽ ሳይለምኑ፣ ማንቁርት ደጇን ስትዘጋ፣
አፍ ውስጥ በቀረች እፍኝ አየር
ጧ ብለው ስለሚፈነዱት፤
እኛ ሰፈር ማንም ስለማይገረምባቸው፣
እዚህ ግን ሰው ከፍሎ ስለሚሰማቸው።

ሌሊት፣ ቦዩ ዳር ባለች ሆቴል፣ ከመስታወት ፊት ቆሜ
ልለማመድ አፌን ብከፍት፣ ከዳኝ የገዛ ስሜ፤
ምንትዋብ ልል ብድትዋብ ሆኜ ዐረፍኩት።
አፍንጫ ሲደፈን መ በ ትሆናለች፣ ነም ደ፤
ሰባት ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ እስከዚያ ሌሊት ግን አልተማርኩት።
"ነፋ" ስል "ደፋ" አልኩ።
"አመነ" ስል፣ "አበደ"።
"እናቴ" ስል "እዳቴ"፤
ጠብቆ ነው የወጣው፣ አላልቶ የሰማው ጆሮዬ ነው።
እዚህ ላይ መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

ባሌ በስልክ "ፌጦ በሎሚ" ይለኛል፣
ጌንት ላይ ቅመም ተራ ያለ ይመስል።
ጧት፣ አረንጓዴ መስቀሉ ብልጭ ድርግም የሚል ፋርማሲ ገባሁ፤
ነጭ ጋዋን የለበሱት ሴትዮ "ኾደሊፍ እባላለሁ" ሲሉኝ
ጉሮሯቸውን የጠረጉ መስሎኝ፣ "አይዞዎት" ልል ምንም አልቀረኝ።
ለካ የአገሩ ገ እንደዚያ ነው፤ ከተማቸውንም "ኼንት" ነው የሚሏት፣
ጤነኛው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስል።
ሰባት ዩሮ ከአርባ፣ ምላስ የሚያቀዘቅዝ ከረሜላ።
"ንግግር? ዛሬ?" ብለው፣ አንዷን ፍሬ ለራሳቸው ጎረሱ።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰው ነበር፤ ቆጠርኳቸው።
አንዴ ብስል የፊተኛው ረድፍ ፈቀቅ አለ፤ አልፈረድኩባቸው።
ሦስተኛው ስላይድ ላይ ድምፄ ሄደ፣
እንደ ሰፈራችን መብራት፣ ሳይሰናበት፣ ድርግም።
የቀረኝ ሹክሹክታ ነው፣ ነፍስ የሌለው፤
ማይክሮፎኑም ነፋስ መስሎት ተወው።
ሊቀመንበሩ ውኃ አቀበለኝ። ውኃ ምን ያደርጋል?

ከዚያ፣ ሳላስበው፣ ምሳሌዬ ጋ ደረስኩ፦
"ቀጠቀጠ።"

ቀ! ጠ! ቀ! ጠ!
እንደ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ።
ኮርኒሱ መለሰው።
ሌላው ቃል ሁሉ ተኝቶ፣ እነዚያ አራቱ ብቻ ቆመው።
"ጨቀጨቀ" አልኩ ደግሞ፣ "ጠቀጠቀ"፤
ሰው ፈርቶኝ የሸሸው ሰውዬ ወንበሩን ጎትቶ ቀረበ፣ ሳሌን ረሳ፤
አንድ ዊም የሚባል ተማሪ መጨረሻ ላይ እጁን አነሣ፦
"ድምፅሽን ያጠፋሽው ሆን ብለሽ ነው?"
"አዎ" ልለው ነበር።
"አዎ" ውስጥ ፈንጂ የለም፤ አልተሰማም።

ማታ በትራም ስመለስ አነጠስኩ፤ አንድ፣ ሁለት።
ዞሮ ያየኝ የለም፤ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያይ።
ለራሴ "ይማርሽ" ልል፣
በዚያ በታፈነ አፍንጫ፣ ድምፅ በሌለው ትንፋሽ፣
"ይባርሽ" ሆኖ ወጣ።
ሥራዬ ነውና መረመርኩት፤
ምርቃት ሊሆን አንዲት ክ ናት የጎደለችው።
ትራሙ ድልድዩ ጋ ሲታጠፍ ሳል መጣብኝ፣
ክ...
ክ...
እሷም ሞላች።