ጳጉሜ ስድስት

ከአሮጌው ቋት ወደ አዲሱ፣ ሌሊቱን ካርድ ሳሻግር፣
ሠላሳ ሦስት ሰው ጎደለኝ፣ ብቆጥር ደግሜ ብቆጥር።
ማራኪ መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤
ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ «ወር አሥራ ሦስት የለም» ይላል።

ለካ የጳጉሜ ልጆች ናቸው፣ ደጅ የቀሩት ተሰልፈው፤
ፈረንጅ የሠራው ሠንጠረዥ፣ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ዘግቶባቸው።

አንዲት መስመር ቀየርኩ። ገቡ፣
እነ ስጦታው፣ እነ ያለምዘርፍ፣
ከነስኳራቸው ከነደም ግፊታቸው።

አንዷ ብቻ እምቢ አለች፤
ባንቺይደር፣ ከአዘዞ፤ ጳጉሜ ስድስት፣ ሰባ ስድስት።
በዚያ ዓመት ጳጉሜ አምስት ነበረች።

ልሰርዛት? ወይስ በአንድ ቀን ልመልሳት?
ሲነጋ ደወልኩላት።
«እናቴ ያለችኝ ነው» አለች፤ «ዝናብ ነበር አሉ።
እሷን ጠይቅ እንዳልልህ…»

ሠላሳ ሁለት ብዬ ፈረምኩ።
እሷን በእስክሪብቶ።